መንገድ የዘጋችው ድንቢጥ

ቬስታ ድንች ከልጣ፣ ቆራርጣ፣ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ዘፍዝፋ ታሳድርና ጠዋት ውሃውን ደፍታ በአዲስ ውሃ ትቀቅላለች። ይኸ ሁሉ ጣጣ ለባሏ ለዴልማስ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ ድንች እንደ ድሮው ቀቅሎ መብላት ቀርቷል፤ ሳይዘፈዘፍ ከተበላ ልቡን ቀጥ ያደርገዋል ብለው ሐኪሞቹ አስጠንቅቀዋታል። ቲማቲም የለም፣ ሙዝ የለም፣ ጨው የለም። እሱ ግን ሳህኑ ፊት ይቀመጥና በሹካ እያገላበጠ፣ "ይኸ ምኑ ድንች ነው? የታጠበ ካልሲ ነው እንጂ" ይላል። በዚያ ሹካ ወግታው አለማወቋ በሰማይ ቤት እንደ ጽድቅ እንዲቆጠርላት ቬስታ ብዙ ጊዜ ጸልያለች።

ያን ዓርብ ረፋድ ላይ ድንቹን እያጠለለች ሳለ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሮስኮ ነበር፤ ከየመንደሩ የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች እየለቀመ ከተማ ወዳለው ክሊኒክ የሚያደርሰው የሚኒባስ ሹፌር።

"ቬስታ፣ መንገዱ ተውጧል።"

"ምን ማለትህ ነው ተውጧል?"

"ውሃው ላዩ ላይ ነዋ! ማዶ ቆሜያለሁ። ከመንገዱ የቀረው የዳሩ እንጨት ብቻ ነው።"

"ኧረ ሙላቱ ገና ነው! ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው።"

"እሱን ለውሃው ንገሪው።"

ቬስታ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን፣ ባሕሩ በየቀኑ የሚሞላበትን ሰዓት የሚናገረውን የሙላት ካርድ ቀና ብላ አየች፤ አይታም ጉዱ ገባት። ካርዱ ሲታተም የሚሰላው ለባሕረ ሰላጤው አፍ ነው። ውሃው ከዚያ ተነሥቶ፣ በየረግረጉ ተጠማዝዞ ዊትሎክ ደሴት እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ስለዚህ የዊትሎክ ሰው ካርድ ባየ ቁጥር ሁለት ሰዓት ተኩል ይደምራል፤ ማሰብ የለም፣ ማዕድ ፊት ለጸሎት አንገት እንደመድፋት ነው። ዴልማስ ከታመመ ወዲህ መርሳት ስላበዛ፣ ቬስታ በዘንድሮው ካርድ ላይ ራሷ ደምራ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋለት ነበር። ነግራዋለችም። እሱ ደግሞ በቀይ የተጻፈውን አየና፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና፣ ከላዩ ላይ ደመረበት። ከዚያም ለሮስኮ ደውሎ፣ "ተዝናንተህ ና፣ ውሃው ከሰዓት ነው" አለው። የሌላ አገር ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ስህተት ቢሳሳት አያምርበትም፤ እሱ ደግሞ የዊትሎክ ሰው ነው።

"ስሚኝ" አለ ሮስኮ። "ማዶ ያለው የጀልባ ማረፊያ ድረስ ካመጣችሁት እጠብቃለሁ። ግን ሰው ጭኛለሁ፤ እነሱም እንደሱው ማሽን የሚጠብቁ ናቸው። ለብዙ ጊዜ አልቆምም።"

"ጠብቀኝ ሮስኮ፣ በናትህ ጠብቀኝ።"

ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ዴልማስ ዓርብን ከሳተ እስከ ሰኞ ያለ እጥበት መቆየቱ ነው። በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን ሳተና ሌሊቱን ልቡ ቀጥ ልትል ምንም አልቀራት፤ በሄሊኮፕተር ነው የወሰዱት። ሐኪሙ ቬስታን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም" ብሏታል። ያን ቃል ለማንም አልተናገረችም።

"ዴልማስ!" ብላ ተጣራች። ቤቱ ጭጭ አለ። ወደ ጓሮ በር ሄደች። እስከ ደረት የሚደርሰው የጎማ ሱሪው ከመስቀያው የለም። በምሰሶ የምትገፋዋ ጠፍጣፋ ጀልባውም ከቦታዋ የለችም።

"ያቺ ወፍ" አለች። "አበስኩ ገበርኩ፣ ያቺ ወፍ።"

ስለዚያች ወፍ ለመናገር ቬስታ መጀመሪያ ትንፋሽ መሰብሰብ አለባት። መጠኗ አውራ ጣት የሚያህል፣ ፊቷ ብርቱካንማ፣ ደረቷ ዝንጉርጉር የሆነ የረግረግ ድንቢጥ ናት። የደሴቱ ሰው የሣር አይጥ ይላታል፤ ሰው ሲመጣባት በመብረር ፈንታ ሥር ለሥር ሮጣ ስለምትሰወር። ከዓለም ሁሉ መርጣ የምትኖረው ጨው ውሃ በሚገባበት ረግረግ ነው፤ ከረግረጉም መርጣ ጎጆዋን የምትሠራው ከጭቃው ስንዝር ከፍ ባለ ሣር ውስጥ ነው። የዕለት ዕለቱ ሙላት አይደርስባትም፤ ትልቁ ሙላት ግን በጨረቃ እየተመራ በየወሩ ይመጣል። እሷም በሁለት ሙላት መካከል ጥላ፣ አቅፋ፣ ፈልፍላ፣ አሳድጋ ማስወጣት አለባት። አንድ ሁለት ቀን ከዘገየች እንቁላሉም ጫጩቱም ይሰምጣል። "ይኸ ሁሉ ዛፍ እያለ!" ትላለች ቬስታ። "እስቲ አሁን ይቺ ጤነኛ ናት?"

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ከስንት ዓመት ልመና በኋላ ደሴቱን ከማዶ የሚያገናኘውን መንገድ ከፍ አድርጎ ሊሠራ ተስማማ። በግንቦት ማሽኖቹ መጡ። ሚስ ኦልማን የምትባል፣ ወፎቹን እንድትቆጣጠር መንግሥት የመደባት ልጅ ከመንገዱ ጥግ የድንቢጥ ጎጆ አገኘች። ሕጉ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ መንካት ይከለክላል፤ ሥራው ቆመ። ከዚያ ሙላቱ መጣና ጎጆውን አሰጠመው። መንደርተኛው፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። ማሽኖቹ ተመልሰው እስኪመጡ ግን ድንቢጧ እዚያው አጠገብ ሌላ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ጥላ ጠበቀቻቸው። በሰኔም እንዲሁ ሆነ። ሰጠመ፣ ደስ አላቸው፣ እንደገና ሠራች።

ሚስ ኦልማን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ድረስ መጥታ ነገሩን አስረዳቻቸው። ውሃው ባሰጠመባት ቁጥር ይቺ ወፍ ሀ ብላ ትጀምራለች፤ የምታርፈው ጫጩቶቿን አሳድጋ ስታስወጣ ነው። በዚህ ወር ከተሳካላት ደግሞ ወቅቱ ስለሚያልፍ ዘንድሮ አትደግምም፤ መንገዱም ነጻ ይሆናል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ "ባሏስ? አያግዛትም?" ብላ ጠየቀች። "ወንዱ ይዘፍናል፣ ከዚያ ይሄዳል፤ ጎጆም አይሠራ፣ ጫጩትም አይመግብ" አለች ሚስ ኦልማን። ሴቶቹ ሁሉ ዘወር ብለው ባሎቻቸውን አዩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸ ነው።

ቬስታ ያን ቀን ቤቷ ገብታ፣ "እንግዲያው ምነው ፈልፍላ፣ አሳድጋ፣ ጠቅልላ በሄደችልን!" ብላ በንዴት ተናግራለች። ዴልማስ ሰማት። ሸርጣን ማጥመድ በሐኪም ከተከለከለ ወዲህ ቀኑ አልመሽ የሚለው ሰው ነው። በማግሥቱ ከአሮጌ የሸርጣን ወጥመድ ላይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ፈትቶ፣ ሁለት ችካል ይዞ ወጣ። ሦስተኛውን ጎጆ ከነሣሩ ቡሽ ላይ አስቀምጦ፣ ውሃው ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ በችካሎቹ መሃል አሰረው። ለቬስታ የነገራት ካሰረው በኋላ ነው። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ አይታው ነበር።

ቬስታ ለኤልዚ ደወለች። ኤልዚ የጎረቤታቸው ሸርጣን አጥማጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሞተር ጀልባው ከደሴቱ ጀርባ አይጠፋም።

"ኤልዚ፣ ዴልማስን ማዶ አድርስልኝ፤ መኪናው እየጠበቀው ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"የት ይሆናል! ወፏ ጋ ነዋ!"

ፒክአፑን አስነሥታ፣ መንደሩን አልፋ፣ መንገዱ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አቆመችው። የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ወረደችና ገባች። ውሃው ሞቅ ያለ፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት ነው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን ያዛት። ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ውሃውን እየገፋ ያመጣዋል። የሣሩ ጫፍ ብቻ ወጥቶ ይታያል።

ዴልማስ ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ጀልባው ከመንገዱ ዳር እንጨት ታስራ ትወዛወዛለች። ግራ እጁን ደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ ዘርግቷል፤ መዳፉ ላይ ጎጆው አለ።

"ቬስቲ" አለ ሲያያት፣ ጎረቤት እንደሚቀበል ሰው። "ቀስ በይ፣ እዚያ ጋ ቦይ አለ።"

"አንተ ሰውዬ! ዛሬ ዓርብ ነው!"

"አውቃለሁ። ውሃው ቀደመ።"

"ውሃው አልቀደመም! አንተ ደምረህ ነው! እኔ የደመርኩት ላይ ደምረህ ነው!"

ዴልማስ አሰበ። "ቀዩ የተደመረ ነው እንዴ?"

"ነግሬህ ነበር! ቆሜ ነግሬህ ነበር!"

"አልሰማሁማ።"

"መቼ ሰምተህ ታውቃለህ!"

ቀረብ ስትል ፊቱን አየችው። አመድ መስሏል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። የዘረጋው ደግሞ የማሽኑ መርፌ የሚገባበትን፣ ነርሶቹ ክብደት እንዳታነሣበት፣ እንዳትጫነው እያሉ የሚለምኑትን ክንድ ነው።

"በዚያ ክንድ! ከሁለቱ መርጠህ በዚያ ክንድ!"

"ቀኙ ደከመው፣ አቀያየርኩት። አንደኛው ችካል ዘመመና ገመዱ ሣሩን ጠልፎ ያዘው፤ ቡሹ አልነሣ አለ። ያዝ አደረግኩት፤ ከዚያ ውሃው እየጨመረ ሄደ። ብለቀው ይሰምጣል።"

"ይስመጣ! ያስምጠው!"

"እንደዚያ ከሆነ እንደገና ትጀምራለች እኮ ቬስቲ። አንቺ ራስሽ አልነበርሽም እንዴ አሳድጋ ትሂድልን ያልሽው?"

አዎ፣ ቬስታ ራሷ ናት ያለችው። እውነትም ነው፤ ጎጆው ዛሬ ከሰጠመ ድንቢጧ በሳምንቱ ሌላ ሠርታ ትቀመጣለች፤ ማሽኖቹ ይመለሳሉ፣ መንገዱ ለከርሞ ይዘላል። ዴልማስ ሲሳሳት ያናድዳታል፤ ልክ ሲሆን ግን ከዚያ የባሰ ያናድዳታል። ወደ ጎጆው ዘለቅ ብላ አየች። ላባቸው ገና እንደ ችፍርግ የቆመ አራት ጫጩቶች እርስ በርስ ተደራርበው አፋቸውን ከፈቱባት። ሦስት አራት ቀን ቢያገኙ የሚወጡ ናቸው።

በዚህ መሃል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ኤልዚ ቦዩን ይዞ መጣና ጀልባውን አጠገባቸው አቁሞ ቁልቁል አያቸው።

"ይኸንን ለልጅ ልጆቼ ብነግር ዋሾ ይሉኛል" አለ።

"ሳቅህን ለኋላ አቆየው። አንሣልኝ" አለችው ቬስታ። "ዴልማስ፣ ውጣ።"

"ጎጆውስ?"

"ዴልማስ፣ ውጣ አልኩህ!"

"ማን ይይዘዋል?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አርባ ዓመት የምታውቀው ሰው ነው፤ ካልተቀበሉት እዚያው ቆሞ እንደሚሞት ታውቃለች። "አምጣ!" ብላ ከመዳፉ ነጠቀችው፤ ነጠቀችው ይባል እንጂ ሁለት እጇን ከሥር አስገብታ፣ እሱም ቀስ ብሎ ለቆላት ነው። ጎጆው ከነጫጩቶቹ ምንም አይመዝንም። ያን ሁሉ ጉድ ያመጣ ነገር ይኸን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱ አበሳጫት።

ኤልዚ ዴልማስን ብብቱ ውስጥ እጁን አስገብቶ ጎተተው። ዴልማስ ጀልባው ውስጥ ገባ። ኤልዚ መቀመጫው ላይ ሊያስደግፈው ሲል ግን ወደ ጎን ተንሸራተተ።

"ቬስታ" አለ ኤልዚ። ቀልዱ ከድምፁ ወጥቷል። "ሞተሩን ይዤ እሱንም መያዝ አልችልም። መምጣት አለብሽ። አሁኑኑ።"

እሷ ደግሞ እጇ ሙሉ ነው። ጎጆውን ጀልባው ውስጥ ይዛው እንዳትገባ እናትየዋ የት ታገኛቸዋለች? ድንቢጧ እዚያው ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ አፏ በትል ተሞልቶ፣ ጭር ጭር እያለች ትወቅሳታለች። ለቃው እንዳትሄድ የበጋውን ሙሉ ድካም ውሃ ይበላዋል። ቬስታ ወደ ሰማይ አየች። ከሰማይ ምንም አልመጣም፤ ከቦዩ መታጠፊያ ግን አንዲት ታንኳ ብቅ አለች። ሚስ ኦልማን ነበረች። ሙላት በመጣ ቁጥር የሰጠሙትን ልትቆጥር ትዞራለች።

ልጅቱ ታንኳዋን ከሣሩ አስጠግታ ወረደች። ቬስታን አየች። ጎጆውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ወይዘሮ ቬስታ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን የማደርግ ይመስልሻል?"

"ጎጆ መንካት... ክልክል ነው። ማንም ሰው። በሕግ ነው። እባክዎ ያስቀምጡት።"

"የት ላስቀምጠው?"

"የነበረበት ቦታ።"

ቬስታ የነበረበትን ቦታ አየች። ከዚያ ቦታ በላይ እስከ ወገቧ የሚደርስ ውሃ አለ።

"እዚያ ላስቀምጠው?"

ሚስ ኦልማን ውሃውን አየች።

"ባስቀምጠው ምን ይሆናል?"

"ይሰምጣል" አለች ልጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እንግዲህ ወፍ የሚጠብቀው ሕግ ወፏን አስጥሚ እያለኝ ነው። በሕግ አምላክ! ይኸን ሕግ የጻፈው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን እግሩን አርሶ ያውቃል? ባሌ እዚያ ጀልባ ውስጥ እየሞተብኝ ነው! ለመንገድ ብዬ ለመንኩ፣ አንቺ አቆምሽው። ወፏ ትሂድልን ብዬ ለመንኩ፣ ውሃው አስቀራት። አሁን ደግሞ ትሂድልን ብዬ በእጄ ብይዛት ክልክል ነው! ታዲያ የማይከለከለው ምንድን ነው? መስመጥ ብቻ?"

ልጅቱ አልተቆጣችም። ዓይኗ ጎጆው ላይ ነው።

"አራት በጋ ሙሉ ስቆጥር ኖሬያለሁ" አለች። "ሲሰምጡ አጠገባቸው ቆሜ እጽፋለሁ። ጫጩቶቹ ሣሩን ይዘው ለመውጣት ይሞክራሉ፤ አንዳንዶቹ ይደርሳሉ፣ አንዳንዶቹ እግሬ ሥር ይቀራሉ። እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር። አንድም ቀን አልዘረጋሁም።"

ቬስታ ይኸን አልጠበቀችም። ንዴቷ ለአፍታ የሚያርፍበት አጣ። ከጀልባው ኤልዚ፣ "ቬስታ! ዓይኑን እየከደነ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"እንግዲያው ዛሬ ዘርጊ" አለች ቬስታ፣ ወደ ልጅቱም ተጠጋች። "ያዢ።"

"እኔ... አልችልም፣ ሥራዬን..."

"ወይ ያዢ ወይ አስጥሚው። እኔ ባሌን ይዤ እሄዳለሁ።"

እጇን ዘረጋች። ሚስ ኦልማንም ሳታስበው፣ ሰው ሕፃን ሲሰጠው እንደሚቀበል፣ ሁለት መዳፏን አገጣጥማ ተቀበለች። ተቀብላም ድርቅ ብላ ቀረች። ቬስታ ዘወር ብላ ሳታያት የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ራሷን ወደ ውስጥ ጎተተች፤ ቀሚሷ ተቀደደ፣ ጉልበቷ ተላጠ። የዴልማስን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች። ኤልዚ ሞተሩን አስጮኸው።

ማዶ ሲደርሱ ሮስኮ ማረፊያው ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር። ዴልማስን ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባው። ውስጥ የተቀመጡት አሮጊት ፎጣቸውን ለቬስታ ሰጧት። መንገዱን ሙሉ ቬስታ የዴልማስን ጉንጭ እየመታች፣ "እንዳትተኛ፣ የማትረባ፣ እንዳትተኛ" ስትለው ሄደች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተር ጃኔል የምትባለው ነርስ ክንዱን አይታ በቁጣ ጀመረች፤ የቬስታን ፊት ስታይ ተወችው። ማሽኑ ላይ አደረጉት። ለቬስታም የበሽተኛ ካባ አምጥተው እርጥብ ልብሷን አስወለቋት። አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ታጥቦ ሲመለስ እያየች ብዙ ቆየች። ቀስ በቀስ ከንፈሩ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ዓይኑን ገለጠ።

"ማን ያዘው?" አለ።

"መንግሥት" አለች ቬስታ።

"እ?"

"መንግሥት ይዞታል። ይኸን ያህል ዘመን ግብር ስንከፍል አንድ ነገር ሲይዝልን ይኸ የመጀመሪያው ነው።"

ዴልማስ ነገሩ ሲገባው መሳቅ ጀመረ፤ ሆዱ ተንቀጥቅጦ ማሽኑ እስኪጮህ ድረስ ሳቀ። ሲስተር ጃኔል ሮጣ መጥታ፣ "ምን ሆናችሁ ነው? ዝም በሉ!" ብላ ቁልፍ ተጫነችና ሄደች። ወዲያውም የክሊኒኩን ስልክ ይዛ ተመለሰችና ለቬስታ ሰጠቻት፤ ኤልዚ ነበር። ውሃው ጎድሏል አለ። ልጅቱ ግን እጇን እንደዘረጋች ናት፤ እናትየዋ ክንዷ ላይ ቆማ ጫጩቶቹን እያበላች ስለሆነ ልትነቃነቅ አልደፈረችም። ችካሉን እሱ አቃንቶ እያሰረላት ነው። አራቱም አሉ።

ቬስታ ስልኩን ዘግታ ነገረችው። ዴልማስ ግን አሁን አልሳቀም። ጣሪያውን አየ።

"ቬስቲ፣ ልተወው ብዬ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

በአገጩ ማሽኑን አሳያት። "ይኸን። ከፋሲካ ወዲህ ሳስበው ነበር። ደክሞኛል። ይብቃኝ ልልሽ ነበር።"



"ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ?"

"ወፏ እንቁላል ጣለቻ። ይኸንስ ልይላት አልኩ። ከዚያ ሰጠመባት፤ እንደገና ጀመረች። መሃል ላይ ትቻት ልሂድ? ነውር መሰለኝ።"

ቬስታ በጋውን ሙሉ ያቺን ወፍ ስትረግም ነው የከረመችው። በማዕድ ፊት ረግማታለች፣ በቤተ ክርስቲያን ረግማታለች፣ ዛሬም እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ረግማታለች። ልትጮህበት ፈለገች፣ ልታቅፈው ፈለገች፤ ቱቦው አላስጠጋት አለ። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

"ጫጩቶቹ ለመብረር ሳምንት እንኳ አልቀራቸውም" አለች። "ሲበሩስ?"

ዴልማስ አሰበ። "ዘመድ አላት እኮ። ያቺ ጠቆር ያለችው፣ ዓይኗ ፊት ቢጫ ያለባት። ጥልቅ ውሃው ዳር ነው የምትሠራው። እሷ እስከ በጋው መጨረሻ አለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ቅጠል ሲረግፍ የሰሜኖቹ ይመጣሉ። ይቺኑ ይመስላሉ፤ አንገታቸው ላይ ግራጫ አለባቸው። ብርዱን እዚህ ነው የሚያሳልፉት።"

"ከዚያስ?"

"አራተኛም አለች። የመሃል አገር ናት፣ ባሕር አታውቅም፤ ውሃ በተኛበት የሜዳ ሣር ውስጥ ነው የምትኖረው። ሚስ ኦልማን እንኳ አይታት አታውቅም። በስንት ዘመን አንዴ ነፋስ ሲያሳስታት ወደዚህ ትመጣለች ይላሉ። ላትመጣም ትችላለች።"

ቬስታ አፍንጫዋን በካባው እጅጌ ጠረገች።

"እንግዲያው እሷን ጠብቅ" አለችው በቁጣ።